ረግቷል

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ቃል የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ቃል ሰጪ ይባላሉ። የግድቡ ቃል ሰጪ ጠዋት ጠዋት «ሞልቷል» ይላል፣ የአውቶቡሱ «ተሳፍረዋል» ይላል፣ ከዚያ የቀረውን ሁሉ ማሽን ይሠራዋል። ነገሩ የመጣው ሰውና ማሽን ጥፋት እየተቀባበሉ ፍርድ ቤቱን ካጨናነቁት በኋላ ነው። ዳኞቹ ሲሰለቻቸው ማሽን ይሥራ፣ ሰው ይመስክር ብለው ተገላገሉ። ማሽን አይታሰርማ። የሚታሰር ሰው ደግሞ ያስፈልጋል።

መዲና ይመር የጨረር ሕክምና ጣቢያው ቃል ሰጪ ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጎረቤቶቿ ሥራዋን በቅጡ ሳያውቁ «ረጋ ያለች ሴት» ይሏታል። የእሷ ቃል «ረግቷል» ነው። በቀን አራቴ፣ ቢበዛ አምስቴ ትለዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ብላዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ እራት ላይ «ወጡ በረደ እንዴ?» ሲላት፣ «ቅቤው ረግቷል» ብላ ታስቀው ነበር።

የሚረጋው መብራቱ ነው። አንድ በሽተኛ ጨረር ከመውሰዱ በፊት በእሱ ፈንታ አንድ ጠርሙስ ይወስዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የበሽተኛውን ገላ ተክቶ የሚቆም ዝልግልግ ነገር ነው፤ ጥርት ብሎ ይገባና ጨረሩ ያገኘው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሠራተኞቹ እርጎ ይሉታል። እርጎው ከዚያ መብራት ፊት እየዞረ ይነበባል፤ የት ጋ ምን ያህል እንደነጣ ታይቶ ሰውየው የሚወስደው ይወሰናል። ከመጠን በላይ ከነጣ ጨረሩ በዝቷልና ይቀነሳል፣ ሳሳ ካለ ይጨመራል።

መብራቱ ግን አመል አለው። ሲበራ እንደ አዲስ ሹመኛ ይፎክራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየበረደ ሄዶ በአርባ ደቂቃው ልኩን ያገኛል። ማሽኑ መጀመሪያ ውሃ ብቻ ያለበትን ጠርሙስ ያነባል፣ ቀጥሎ እርጎውን። በሁለቱ መሃል መብራቱ ከደከመ ድካሙ በእርጎው ላይ ይቆጠራል፤ እርጎው ከነጣው በላይ የነጣ ይመስላል። ድንጋዩ እየተሸረፈ ባለ ሚዛን ሥጋ እንደመመዘን ነው፤ ሥጋው አልጨመረም፣ ሚዛኑ ግን ጨምሯል ይላል።

ማሽኑ ራሱ ይህን አያውቅም ወይ የሚል ይኖራል። ያውቃል እንጂ። ሰው ቃል ከሰጠ በኋላ ግን ማሽን እንዲከራከር አልተፈቀደለትም። ደግሞም የጆሮ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ማሽን የሰው ወሬ እንዳይሰማ ተከልክሏል፤ ከሰው አፍ የሚይዘው የተፈቀደለትን ቃል ብቻ ነው። ማን ለማን እንዳለው፣ ስለ ምን እንዳለው አያጣራም።

ቃል የሚታጠፍበትም ሕግ አለ። «አጥፌዋለሁ» ማለት ነው። እዚያው በዚያው ከሆነ ለማሽኑ መናገር ይበቃል፤ ውሎ ካደረ ግን ቃሉ የተሰጠለት ሰው ፊት ቆሞ ነው። ሦስት ጊዜ ያጠፈ ሰው ድምፁ ከመዝገብ ይፋቃል። ድምፁ የተፋቀ ሰው ቧንቧ አይከፈትለትም፣ በር አይሰማውም፣ አውቶቡስ አይቆምለትም። «እባክሽ ክፈቺልኝ» እያለ ጎረቤት ሲለምን ይኖራል። መዲና ሁለት ጊዜ አጥፋለች። አንዴ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ፣ አንዴ ደግሞ ተማም አስቋት ቃሉ አምልጧት።

ተማም እርጎ ቤቱን የያዘው ሰው ነው። ያሞቃል፣ ያማስላል፣ ጠርሙስ ይሞላል፣ ያረጋል። የእሱን ክፍልና የማሽኑን ክፍል የምታገናኝ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ቀኑን ሙሉ ስለ መርጋት ሲያወራ የሚውል ሰው ነውና፣ ከዚያች ከሳቅዋ ቀን በኋላ ሁለቱ ተማክረው ለእርጎው ሌላ ቃል አወጡለት። እርጎው ሲሆን «ተኝቷል» ይባባላሉ። «ረግቷል» ለመብራቱ ብቻ ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ ያለ አንድ እንከን ሠሩበት።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ማሽኑ ውስጥ የገባው የአያ ሰይድ አበጋዝ ጠርሙስ ነበር። አያ ሰይድ ሸራ ጠጋኝ ናቸው። ፀሐዩ ከከፋ ወዲህ የኮምቦልቻ መንገድ ሁሉ በሸራ ነው የተሸፈነው፤ ነፋስ የቀደደውን ሸራ መሰላል ላይ ወጥተው ሲሰፉ የሚውሉ ሰው ናቸው። ከመንጋጋቸው ሥር፣ አንገታቸው ላይ እብጠት ወጥቶባቸው ነበር የመጡት።

መዲና መብራቱን ካበራች ዘጠኝ ደቂቃ ሆኗታል። መስኮቷ ሥር የሌላ ሰው እርጎ፣ ለማግስቱ የተሞላ፣ ተቀምጧል። የተማም እጅ በሥራ ተይዞ ስለነበር እስቲ ያንን ዘንበል አድርገሽ እዪልኝ፣ ተኝቷል ወይ ሲል ከወዲያ ጠየቃት። አነሳችው፣ ዘንበል አደረገችው፤ ሳይንቀሳቀስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሐሳቧ እዚያ አልነበረም። እህቷ ከሐርቡ መጥታ ቤት ተቀምጣለች፤ ለምሳ ምን እንደምታቀርብላት ነበር የምታስበው። አፏ የለመደውን አለ።

«ረግቷል።»

ከጀርባዋ ማሽኑ መዞር ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ ማንም የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ኃጢአቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መዲና «አጥፌዋለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። ሦስተኛዋ ናት። ቧንቧው ታያት፣ በሩ ታያት፣ ጠዋት ጀሪካን ይዛ ሰው ደጅ ስትቆም ታያት። ዘጠኝና አርባ ቢለያይ ምን ያህል ይለያያል ብላ አሰበች። ቀና ስትል ተማም በመስኮቱ እያያት ነው። እሱም ገብቶታል። ጥቂት ተያዩና እሱ ወደ ድስቱ ዞረ፣ እሷም አፏን ከደነች። ማሽኑ ጨርሶ ውጤቱን አወጣ፤ ነጥቷል፣ ይቀነስ። ሆድ ይፍጀው አለች መዲና። ሆዷም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈጃት።

ጨረሩ በቀን አንዴ እየተወሰደ ሠላሳ ቀን ነው። ሠላሳው ካለቀ ያ አንገት ሌላ ጨረር አይችልም፤ ያልደረሰው እንዳልደረሰው ይቀራል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሰዎቹ ቆዳ ይጠቁራል፣ ጉሮሯቸው ይደርቃል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታቸዋል። አያ ሰይድ ግን ምንም አልሆኑ። ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ጎናቸው ያለው ሰው ሾርባ እንኳ አልወርድ ብሎት ዓይኑ እንባ ሲሞላ፣ እሳቸው ከኪሳቸው እፍኝ አውጥተው «እንካ እስቲ ሞክራት» ይሉታል። ምን ቢያደርጉ ነው ሲባሉ መዲናን በአገጫቸው ያሳያሉ።

«የዚች ልጅ አፍ በረካ አለው» ይላሉ። «እኔን እሳቱ አልነካኝም።»

ወሬው ለመዛመት ጊዜ አልፈጀበትም። በሦስተኛው ሳምንት ሰዎች የመዲናን ፈረቃ እየጠየቁ ይመጡ ጀመር። አንዲት ሴት እናቷን ይዛ ከከሚሴ መጥታ፣ ቃሉን አንቺ ካልሰጠሽልኝ አልገባም ብላ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። መዲና ወደኋላ ሸሸች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ዘግታ አፏን ታጠበች፤ ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ ደግማ ተጉመጠመጠች። የሴትየዋ ምስጋና ጥርሷ መሃል ገብቶ አልወጣ አላት።

አያ ሰይድ ስለ ምን እንዳልተቃጠሉ ጠርጥራለችና ነው። አንዳንድ ሰው ቆዳው ጠንካራ ነው እያለች ራሷን ስታታልል ሰነበተች። ሸራ ላይ ሠላሳ ዓመት ፀሐይ የመታው ሰው ምን ያቃጥለዋል ትላለች። ማታ ተኝታ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የሚመጣባት ግን የአያ ሰይድ ጥርስ ድምፅ ነው፤ ቆሎው ሲደቅ፣ ቀጭ ቀጭ።

በሃያ አራተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሲወጣ ብቻዋን ቀረች። የበሽተኛው እርጎ ሠላሳው ቀን እስኪያልቅ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። የአያ ሰይድን አወረደች። መብራቱን አብርታ አርባ ደቂቃ ሳይሆን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ከዚያ ቃሏን ሰጥታ አስነበበችው። ያን ለታ የተነበበው ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ተጋኖ ነበር። ሰውየው ሃያ አራት ቀን ሙሉ በዚያው ልክ ሲጎድልባቸው ከርሟል። መዲና ጠርሙሱን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ተማም ከመስጊድ ሲመለስ እዚያው አገኛት። ነገረችው። አብሽሪ አላት መጀመሪያ፤ ወሎ ሰው የሚለው ሲያጣ አብሽር ይላል። ቀጥሎ ሰው በቀኑ ነው የሚሞተው፣ የተጻፈ አይቀርም፣ ድምፅሽን ብታጪ ደግሞ ሰውየው አይድኑበት አላት። ለእሷ እያዘነ ነው የሚናገረው፤ ለራሱም እየፈራ ነው። መዲና እናቷ ትል የነበረውን ነገረችው፤ ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። እሷ ነገ እነግራቸዋለሁ አለች።

ነገ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ እነግራለሁ ብላ አግዳሚው ድረስ ሄዳ ስለ ሙቀቱ አወራች። እሑድም ጨረሩ አያርፍምና መጡ፤ ሰላምታ ሰጥታ አለፈች። ሰኞ ሃያ ሰባተኛው ቀን ነበር። አያ ሰይድ እጃቸው ላይ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ማሽኑ ክፍል ድረስ ገቡ። ከሸራ ቁራጭ የሰፏት የደጃፍ ጥላ ናት፤ ጠርዟን በሰማያዊ ክር ዘምዝመውታል። ለመዲና ቤት ደጅ ብለው ሦስት ቀን ሰፍተዋታል። ከጠዋት ፀሐይ ታስጥልሻለች አሉና ዘረጉላት። መዲና እጇን አልሰደደችም።

«አያ ሰይድ፣ እኔ ይህ አይገባኝም። ሳይረጋ ነው ረግቷል ያልኩት።»

መብራቱ ስላልበራ ማሽኑ አልተንቀሳቀሰም። አያ ሰይድም አልገባቸውም። መብራቱን አሳየቻቸው፣ ጠርሙሱን አሳየቻቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ያልተቃጠሉት በበረካ አይደለም አለቻቸው፤ ያልተቃጠሉት ስላልደረሰዎት ነው። አያ ሰይድ አፋቸው ውስጥ ያለውን ቆሎ ማኘክ አቆሙ። ሲውጡት ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ ታያት። የቀረውን ከመዳፋቸው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዓርብ ለማለት ትችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ከመስኮቷ ወዲያ ተማም ቆሞ እየሰማ ነው፣ እሱም አይመሰክርባትም።

«ያኑ ለታ» አለች። «ልኩን ነው ዓርብ ያወቅኩት። ሲዞር አየሁት፣ ላስቆመው ስችል ዝም አልኩ። ለድምፄ ፈርቼ።»

ሰውየው ተቆጡም አልተቆጡም አይታወቅም። ሸራቸውን ከዘረጉበት አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት።

«ስንት ቀን ቀረኝ?»

«ከዛሬ ጋር አራት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

መዲና ወደ ማሽኑ ዞራ «አጥፌዋለሁ» አለች። በሩ ላይ የምትበራ አረንጓዴ ነጥብ ነበረች፤ ጠፋች። ከዚያች ደቂቃ በኋላ በአገሩ ውስጥ የእሷን ድምፅ የሚሰማ ማሽን የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራችው ነገር እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ነገር መሆኑ ገረማት።

እርጎው በሕግ ፊት እንደገና መነበብ ነበረበት፤ ዓርብ ተደብቃ ያስነበበችው አይቆጠርም። ለዚያ ደግሞ ቃል ሰጪ ያስፈልጋል፤ የሌላው ፈረቃ ሰው ገና አልገባም። ተማም አይችልም፤ ያረጋ ሰው አይመሰክርም ይላል ደንቡ። የእርጎው ባለቤት፣ በሽተኛው፣ ግን ለራሱ ቃል መስጠት ይችላል። መዲና መብራቱን በእጇ አበራችና አያ ሰይድን ወንበር ሰጠቻቸው። አርባ ደቂቃ ነው አለቻቸው። ሰዓቱ ሲደርስ እነግርዎታለሁ፣ ያን ጊዜ ቃሉን ይሉታል። ሁለቱም መብራቱ ፊት ተቀመጡ። ሰውየው አንድም ጊዜ ወደ እሷ አላዩም።

አርባ ደቂቃ ሞላ። ደረሰ አለቻቸው። ዝም አሉ። ሃምሳ ሆነ። ከውጪ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ይንሾካሾካሉ። መዲና ልትደግምላቸው ፈልጋ አፈረች፤ ይበሉ የሚል አፍ የላትም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል አያ ሰይድ ከመብራቱ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተናገሩ።

«መብራቱስ ረግቷል። እኔ ነኝ ያልረጋሁት።»

ማሽኑ ከንግግራቸው የሚያውቃትን አንዷን ቃል ይዞ መዞር ጀመረ። እሳቸው ደነገጡ፣ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። መዲና ልክ ነው፣ ይሄኛው ልክ ነው አለቻቸውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አላባበሏትም። ማባበልም አልነበረባቸውም።

የጣቢያው ሐኪም አዲሱን ንባብ አይታ የጎደለውን በቀሩት ቀናት ማስገባት ይቻላል አለች፤ ሊደርስ ይችላል፣ ላይደርስም ይችላል። በቀን እጥፍ ነው የሚወስዱት፣ በጣም ይቃጠላሉ አለቻቸው። አያ ሰይድ ልቃጠላ ብለው እዚያው ቆመው የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

መዲና ከጣቢያው አልተባረረችም፤ ተማም ለምኖ እርጎ ቤት ጠርሙስ አጣቢ አደረጋት። የምታጥበው ተማም ቧንቧውን «ክፈት» ብሎ ሲከፍትላት ነው። ቤቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዛ ጎረቤቷ ደጅ ትቆማለች። ጎረቤቷ ወጥታ ለቧንቧው ቃሏን ትሰጥና እስኪሞላ አብራት ትቆማለች። ምን ሆነሽ ነው ብላ አንድ ቀንም አልጠየቀቻትም፤ ያ ደግሞ ከመጠየቅ የባሰ ሆነባት። የጠዋት ፀሐይ ያለ ምንም ጥላ ደጃፏን ይመታል። ማታ ማታ ሰውየው ይሙቱ ይዳኑ ሳታውቅ ትተኛለች።

ሦስት ሳምንት አልፎ አንድ ማክሰኞ ጠርሙስ ስታጥብ መስኮቷ ላይ ጥላ ወደቀ። አያ ሰይድ ናቸው። ለምርመራ መጥተው ነው፤ ውጤቱ ገና ወር ይቀረዋል። ከስተዋል። ሰላም ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ የአንገታቸውን ሻርፕ ፈቱና ኮሌታቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። ቆዳው ከመንጋጋቸው እስከ ትከሻቸው ድረስ ጠቁሮ ተላጧል፣ ቦታ ቦታ ሥጋው ይታያል። እሳቱ በደንብ አድርጎ ነክቷቸዋል።

መዲና አየችው። ከሆዷ ደስታ ፈንቅሎ ወጣ፤ ልትይዘው አልቻለችም።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ወዲያው ያለችው ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰው ተቃጥሎ ቆሞ እሷ ታመሰግናለች። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ያንን ቃል ከማሽን ወገን የሰማ አልነበረም። አያ ሰይድ ግን ሰምተዋል። እንደቆሙ ብዙ አይተዋት፣ ቀስ ብለው ሻርፓቸውን መልሰው ጠመጠሙ።

ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የቆሎዋን ከረጢት አወጡ። ሙሉ ናት፣ አፏ እንደታሰረ ነው። መስኮቷ ላይ አስቀመጡላትና ግድግዳውን እየተደገፉ ሄዱ። መዲና እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ከረጢቷን ፈታች። አንድ ፍሬ አውጥታ አፏ ውስጥ አደረገች፤ አኘከችው፣ ደቀቀ፣ አልወርድ አላት።